ዜሮዎቹን ያጠፋሁበት ዓርብ

በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ጎበዝ ሆኛለሁ። እሱም አንድ ዓርብ፣ ሻርጃ፣ ቀለምና ነዳጅ በሚሸት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ለመባል ሞክሬ አላውቅም፤ አንዱም ይበቃኛል።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሻርጃ አጠገብ ባለችው ዓጅማን ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ፣ ቢድ ስፔስ የሚሉትን አንድ አልጋ ይዤ እኖር ነበር። ጠዋት የድርጅቱ ፒክአፕ ይጭነኝና ሻርጃ ኢንዱስትሪ ሰፈር ያራግፈኛል። ማተሚያ ቤታችን መጽሐፍ አያትምም። ሥራው የሳሙና ካርቶን፣ የብስኩት መጠቅለያና የቀለም ቆርቆሮ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። በዚያን ጊዜ የአገራችን ነጋዴዎች የዱባይን ገበያዎች፣ ዲራንና ናይፍን፣ አጥለቅልቀዋቸው ስለነበር፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው እቃ ጀርባው ላይ አማርኛ እንዲኖረው ይፈለጋል። «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ»፣ «ሕፃናት እንዳይደርሱበት» የሚል ዓይነት ነገር።

ያንን አማርኛ በእጃቸው የሚጽፉት የኔታ ነበሩ። የኔታ የምላቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሠራተኛ «ያ ኸጣጥ» ይላቸዋል፣ የእጅ ጽሕፈት ባለሙያ ለማለት ነው፤ ቪዛቸው ላይም የተጻፈው ይኸው ነው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ወሎ ውስጥ በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት ተምረው፣ ብራና ፍቀው ዳዊት ሲጽፉ ያደጉ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ወደ ሱዳን ገፋቸው። ካርቱም ላይ የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ ኖረው በአንድ ሱዳናዊ ወዳጃቸው በኩል ሻርጃ ገቡ። ማረፊያቸው ሙሀይስና የሚባል የሠራተኞች ካምፕ ነው፣ ስምንት ሰው ባለበት ክፍል። ሥራ ላይ ግን መስኮቱ ሥር አንዲት ዘንበል ያለች ጠረጴዛ አለቻቸው። እዚያች ጠረጴዛ ላይ መቃ ብዕራቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ፣ ከንፈራቸውን ለጥቂት ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፣ ከዚያ «የገላ ሳሙና» ብለው ይጽፋሉ፤ ልክ ለመቅደስ የሚገባ መጽሐፍ እንደሚጽፉ ተጠንቅቀው።

ሙዲሩ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጃችን፣ ከሻም አገር፣ ከሶርያ በኩል የመጣ ቸኳይ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠራኝና የየኔታን እጅ፣ ጽሕፈታቸውን ማለቱ ነው፣ ፎንት አድርገህ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባልኝ አለ። ከዚያ በፊት አንድ የአማርኛ ፎንት በፍሎፒ አግኝተን ነበር፤ ከእኛ ማሽን ጋር ግን አልተስማማም። ነጋዴዎቹም የሽማግሌውን ጽሕፈት ለምደውታል፤ ሌላ ሲያዩ «ይሄ ሳሙና የውሸት ነው» ይባላል ብለው ይፈራሉ። እኔ አዲስ አበባ ላይ ሒሳብ ጀምሬ ያቋረጥኩ፣ የሰው ማሽን ሲበላሽ እየነካካሁ የተማርኩ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ። «እችላለሁ» አልኩ።

መሣሪያዬ ከሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች አይበልጥም። ሥዕል የላቸውም፣ ማውስ አያውቁም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የትእዛዙን ስም፣ ቀጥሎ የፎንቱን ፋይል ስም ጽፈህ ኢንተር ስትል ሥራቸውን ይሠራሉ። የመጀመሪያው የተቆለፈውን ፎንት እንደ አሮጌ ሹራብ ወደ ተራ ጽሑፍ ይተረትረዋል። እያንዳንዱ ፊደል አንድ አንቀጽ ይሆናል፤ ከዚህ ነጥብ ተነሣ፣ እስከዚህ ቀጥ ብለህ ሂድ፣ እዚህ ጋ ጎብጥ፣ ዝጋ ይላል፣ ሁሉም በቁጥር። ሁለተኛው የተተረተረውን መልሶ ይሰፋዋል። ሦስተኛው ደግሞ ዝርዝር ያወጣል፤ የፊደሉ መለያ በግራ፣ ስንት ነጥብ እንዳለው በቀኝ። ገና ያልተሣለ ፊደል ፊት ለፊቱ ዜሮ ይቀመጣል። ሙዲሩ ከሁሉም የወደደው ይህን ዝርዝር ነው። በየሐሙሱ አሳትመህ አምጣ ይለኛል፤ ዜሮዎቹን በቀይ እስክሪብቶ እያከበበ ይቆጥራል።

የኔታ ሥራውን ሳስረዳቸው መጀመሪያ ያልገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለ»ን ጻፉልኝ አልኳቸው። ሦስት «ለ» ጽፈው ሰጡኝ።

«አንድ ይበቃል የኔታ።»

«የትኛው?» አሉኝ። «ይሄ ቃል መጀመሪያ ላይ የሚገባ ነው። ይሄኛው ሰፊ ፊደል አጠገቡ ሲመጣ ነው። ይሄ ደግሞ መስመር ሲጠብ።»

«ኮምፒውተሩ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። ለዘለዓለም ያው እሱ ነው።»

ሦስቱን አዩዋቸው። መካከለኛውን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «እንግዲያው ይሄ ይቻላል፤ ትዕግሥተኛ ነው» አሉ። ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ፊደል ከመስጠታቸው በፊት «ትዕግሥተኛ ነው?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

ሠላሳ ሦስቱን ግዕዞች በመጀመሪያው ወር ጽፈው ሰጡኝ። የቀሩትን ስድስት ስድስት ልጆች ልንጀምር ስንል ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አሉ። «ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ከዒድ በኋላ ያልቃል። ሙዲሩ ፓስፖርቴን መሳቢያው ውስጥ ይዞታል። ሥራው ካላለቀ ያድስልኛል፤ ሌላ ምን አማራጭ አለው? ካለቀ ግን እኔን ምን ያደርገኛል? ልጄ ነርስነት እየተማረች ነው፣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ከታደሰልኝ በኋላ በአንድ ወር ጨርሰን እንሰጠዋለን። እስከዚያ ቀስ እንበል።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳቸው።

«የእኛ እንቁላል ከዒድ በፊት እንዳይሄድ ነው የምልህ።»

ቃል ገባሁላቸው። በሁለት ሳምንት አንድ የፊደል ዘር ከነልጆቹ፣ ከዚያ አናልፍም ተባባልን። ሙዲሩ ሐሙስ ሐሙስ ያጉረመርማል፣ «ያላ፣ ያላ» ይላል፣ ዜሮ ያከብባል። እኔ «ፊደላችን ብዙ ነው፣ ከባድ ነው» እላለሁ። ሐሰት አልነበረም። አሥራ አንድ ዘር ጨረስን፣ ሃያ ሁለት ቀረን፣ ለዒድ ሁለት ወር ያህል ቀረው። ሒሳቡ ልክ ነበር። የኔታ አንዳንዴ ጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፉ ዝርዝሩን ያዩና ዜሮዎቹን እንደ ዘመድ ሰላም ይሏቸዋል።

አንድ ሐሙስ ሙዲሩ ከዱባይ አንድ ኢንጂነር ይዞ መጣ። አዲስ ማሽን ሊሸጥልን የፈለገ፣ ሸሚዙ ላይ አንድ የቀለም ጠብታ የሌለበት ሰው ነው። ሙዲሩ ስለ ሥራችን ነገረው። ኢንጂነሩ ከየኔታ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አንሥቶ ገልብጦ አየና ሳቀ።

«ይሄ ጽሑፍ ነው እንዴ? የሚደንሱ ሰዎች ነው የሚመስለው» አለ በእንግሊዝኛ። «ይሄ በኮምፒውተር ዓመታት ይፈጃል። ለሐበሾቹ በእንግሊዝኛ ጻፉላቸው፤ ከፈለጉ ይማሩ።»

እኛ አገር ሰው ደሃ ነህ ሲሉት ይችላል። ረሃብተኛ ሲሉትም ይችላል፤ ለምዶታል። ፊደልህ ፊደል አይደለም ሲሉት ግን አይችልም። ከሕፃንነቱ «የራሳችን ፊደል ያለን» እየተባለ ያደገ ሰው ደሙ ይፈላል። እኔም ፈላብኝ። የኔታ እዚያው ናቸው፤ እንግሊዝኛው አልገባቸውም፣ አንገታቸውን ደፍተው ብዕር ይቀርጻሉ።

«ዓመታት?» አልኩ። «ቅዳሜ ጠዋት ና። ሁሉንም ጨርሼ እጠብቅሃለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሙዲሩ ዞር ብሎ አየኝ። ስድስት ወር ሙሉ ከባድ ነው ስለው የነበርኩት ሰው ነኝ።

ዓርብ ዕረፍት ነው። ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብዬ ጠዋት ገባሁ። ማሽኖቹ ቆመዋል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ውኃ ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል። የማደርገውን አስቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ለነገሩ ከወራት በፊት አውቄው ዝም ያልኩት ነው። ፊደሎቻችን ዘመዳሞች ናቸው። ካዕቡ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ጭረት ይጨመርለታል፣ ሣልሱ እግሩ ሥር፣ ኀምሱ እግሩ ሥር ቀለበት። የኔታ የጻፏቸው አሥራ አንድ ዘሮች ውስጥ ጭረቱም ቀለበቱም፣ ያጠረውም እግር አለ። ፎንቱን ተረተርኩት። የጭረቱን ቁጥሮች ቆርጬ አወጣሁ። አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩና የቀሩትን ሃያ ሁለት ግዕዞች እየወሰደ፣ ጭረቱን እየለጠፈ፣ ቀለበቱን እያንጠለጠለ፣ እግር እያሳጠረ ልጆቻቸውን እንዲያወጣ አዘዝኩት። ለሳድሶቹና ለአመለኞቹ ደግሞ የኔታ ድሮ የጻፏቸውን የሳሙና ካርቶኖች ከመጋዘን አምጥቼ በስካነር ቀዳሁ።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ኢንተር በመታሁ ቁጥር አምስት ስድስት ፊደል ይወለዳል። እጄን እያፋተግሁ ነበር። የየኔታ ቪዛ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ትዝ ብሎኛል። ሙዲሩ ሥራውን ሲያይ ይደሰታል፣ ሁለታችንንም ያከብረናል፣ ቪዛውንም በደስታ ያድሳል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ማድረግ ለሚፈልገው ነገር ምክንያት አያጣም። ከቀትር በኋላ ሦስተኛውን ፕሮግራም አዘዝኩና ዝርዝሩ ወረደ። አንድም ዜሮ አልነበረውም።

ቅዳሜ ኢንጂነሩ መጣ። ዝርዝሩን አየ፣ ከአታሚው የወጣውን ወረቀት አየ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፋይሎቹን በሁለት ፍሎፒ ቀድቶ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ለሙዲሩ ሰጠ። ሙዲሩ «ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ!» ብሎ ሻይ አስመጣልኝ። ሻዩን ሳልጨርስ መሳቢያውን ከፈተና ከፖስታዎች መካከል የየኔታን ፓስፖርት አወጣ።

«ይሄ እንግዲህ ለምን ይታደሳል?» አለ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ቪዛው ካንስል ነው። ቲኬቱን እቆርጥለታለሁ፤ እኔ ሰው አልበድልም።»

«ያ ሙዲር፣ አይሆንም» አልኩት። «ገና ነው። ፊደሎቹ ልክ አይደሉም፣ እሳቸው ማረም አለባቸው። ከዒድ በኋላ እንኳ አይደርስም።»

«አለቀ ያልከው አንተ አይደለህም?» ዝርዝሩን ፊቴ ዘረጋው። «እኔ ፊደላችሁን ማንበብ አልችልም። ዜሮ ግን አውቃለሁ። ዜሮ የታለ?»

ወደ ኮምፒውተሬ ተመልሼ ፎንቱን ተረተርኩና የሃያ ሁለቱን ዘሮች ልጆች በሙሉ ሰረዝኩ። ዜሮዎቹ ተመለሱ። አሳትሜ ይዤለት ስሮጥ ሙዲሩ ቀና ብሎ አየኝና ፍሎፒውን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ።

ለየኔታ ሙዲሩ ራሱ ያን ዕለት ማታ ነገራቸው። እሑድ ጠዋት ገብተው ጠረጴዛቸው አጠገብ ሳይቀመጡ ቆሙ።

«አለቀ እንዴ?»

«አዎ የኔታ።»

«እንዴት አለቀ?»

እዚህ ጋ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ሙዲሩ አዘዘኝ» አልኩ። «ከዱባይ የመጣው ሰውዬ በማሽን ይቻላል ብሎ ነገረው። ሁለቱ ሆነው አስገደዱኝ።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «በሰው እጅ ያለ ሰው ምን ያደርጋል» አሉ። «አንተም ተቀጣሪ ነህ። አይዞህ።» አይዞህ ያሉት እኔን ነው።

ቲኬታቸው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ እንዲሄዱ ተቆረጠ። በማግሥቱ ያለቀውን ፎንት አሳይተኝ አሉ፤ ከፍሎፒው መልሼ ሙሉውን ገበታ አሳተምኩላቸው። መስኮቱ ሥር ወስደው ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በጣታቸው ሄዱበት። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ። «ይሄም። ይሄም። አየህ፣ የ‹ጡ› እጅና የ‹ሹ› እጅ አንድ ነው። ወፍራምም ቀጭንም ያው እጅ ተሰክቶለታል። የሌላ ሰው ኮት የለበሱ ይመስላሉ።» ከዚያ ወንበር ሳቡ፣ ምላጭ አወጡ፣ መቃ መቅረጽ ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው የኔታ?»

«ላርመው ነዋ።»

«ይተዉት!» ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «እንደዚህ ይሂድ። ነጋዴዎቹ ይመልሱታል፤ ያኔ ሙዲሩ እርስዎን ይፈልግዎታል። ለምን በነጻ ያርሙለታል?»

«ሳሙናውን የሚገዛው ሰው ሙዲሩን አያውቀውም፤ የሚያየው ፊደሉን ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይሄ እጅ የእኔ ነው ተብሎ ነው የሚወጣው። ጠማማ ፊደል ጥዬ አልሄድም።»

አሥር ቀን አረሙ። ሙዲሩ ሲያልፍ ያያቸዋል፤ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ማን ይጠላል? እሳቸው ትልቅ አድርገው ይጽፋሉ፣ እኔ እቀዳለሁ፣ እተረትራለሁ፣ የእኔን ቁጥር አውጥቼ የእሳቸውን አስገባለሁ፣ እሰፋለሁ። እንደዚያ ፈጥነው ሲጽፉ አይቼ አላውቅም። በስድስት ወር አዘግይተን ያልጨረስነውን በአሥር ቀን አወጡት። አንዳንዱን የእኔን ፊደል «ይሄ ደህና ነው፣ ይቆይ» ይሉኛል፤ እሱ ከሁሉ ያመኛል። ልናገር ብዬ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። «የኔታ» እላለሁ፣ «አቤት ልጄ» ይላሉ፣ «ይሄኛው ትንሽ አይሰፋም?» ብዬ እመለሳለሁ። ፈሪ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻው ቀን ገበታውን አይተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊደል ለብቻው ሲቆም ሁሉም ያምራል» አሉ። «ሙሉ ጽሑፍ ሳይነበብ መጽሐፍ አለቀ አይባልም። እስቲ አንድ ነገር ይጻፍበት።»

«ምን ልጻፍ?»

አሰቡ። «ናይፍ ያለ አንድ ነጋዴ ነገ ቀድሞኝ አገር ቤት ይገባል፤ ለባለቤቴ ወረቀት ያደርስልኛል። እሱን ጻፍ።»

መናገር ጀመሩ፣ እኔም መታሁ። እንደምን ሰነበትሽ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓርብ እገባለሁ፤ ልጅቷን ከትምህርቷ እንዳታስቀሪያት፣ የሚሆነውን መጥቼ እናያለን። በየመሐሉ አስቁመውኝ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ይሉና በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ያያሉ። «‹ረ›ን ትንሽ አስጠጋት» ይሉኛል፤ አስጠጋታለሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ሥራዬን ጨርሼ ነው የምመጣው። ብዙ ዘመን ይፈጅብኛል ብዬ ነበር፤ እዚህ አንድ የአገሬ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ረድቶኝ ቶሎ አለቀልኝ።»

ጣቶቼ ቆሙ። እየቀለዱብኝ እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። ምንም ቀልድ አልነበረባቸውም። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ስክሪኑን ይጠብቃሉ።

«ጻፍ እንጂ» አሉኝ። «አልሰማኸኝም?»

ልነግራቸው የምችልበት የመጨረሻው ጊዜ እሱ ነበር። ጻፍኩት። አንዷንም ቃል አልዘለልኩም። ከአታሚው ሲወጣ ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ወደ ብርሃን አድርገው ደገሙት፤ ስሕተት አላገኙበትም። አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እጄን ታውቀዋለች» አሉ ደስ ብሏቸው። «በእጄ የጻፍኩት ነው የሚመስላት።»

እውነታቸውን ነው። ያቺ ሴት ባሏ በገዛ እጁ እኔን ሲያመሰግን አንብባለች።